ፍትሐት፣ ፍታት፣ ፍትሕ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እናታችን እዚሁ ጎንደር አርፋ ቀበርናት። አሁን ለአርባዋ የጥሪ ወረቀት ልናሳትም ነው። እኔ «ጸሎተ ፍትሃት» ብዬ ጻፍሁ። ወንድሜ «ፍትሕ የፍርድ ቤት ነው፤ ፍታት በይው» አለኝ። አክስታችን ደግሞ ሁለታችንንም ተቆጥታ «ተዝካር ነው የሚባለው» ትላለች። የቱ ነው ትክክሉ?

መልስ፦ ነፍሷን ይማር፤ እናንተንም ያጽናችሁ።

ከወንድምዎ ልጀምር። ፍርድ ቤቱ ትዝ ያለው ያለ ነገር አይደለም። ፍትሕም ፍትሐትም ከግእዙ «ፈትሐ» የወጡ ናቸው። ፈትሐ ማለት ፈታ፣ ከፈተ፣ ፈረደ ነው። አማርኛ የመጨረሻዋን ድምፅ ውጦ «ፈታ» አለ፤ «ሰምዐ»ን «ሰማ» እንዳለው ሁሉ። ከዚያ ወዲያ የማንፈታው ነገር የለም። እስረኛ እንፈታለን፣ ሕልም እንፈታለን፣ ጾም እንፈታለን። ትዳርም ይፈታል፣ ይብላኝ እንጂ። ቄሱን «ይፍቱኝ» ስንል ከኃጢአት እስራት ነው። ፍትሐትም ይኸው ነው፤ የሟች ነፍስ ከእስራቷ እንድትፈታ የሚጸለይ ጸሎት። ሰዉም «ሳይፈታ ተቀበረ» ብሎ የሚያዝነው ለዚህ ነው።

የጸሎቱ መጽሐፍ ግን ስሙ «መጽሐፈ ግንዘት» ነው። ገነዘ ማለት አስከሬንን በጨርቅ ጠቀለለ ነው። መጠቅለልና መፍታት ምን አገናኛቸው? ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ላይ አልዓዛር በመግነዝ እንደ ተገነዘ ከመቃብር ሲወጣ ጌታ «ፍቱትና ይሂድ ተውት» ይላል። ሁለቱ ቃላት አንድ ቁጥር ላይ ተገናኝተው ሳይ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ስለዚህ «ፍታት» የአፍ ነው፣ «ፍትሐት» የጽሑፍ። ለወረቀቱ ሁለተኛውን ይምረጡ። ሆሄው ግን ሐመሩ ሐ ነው፣ በሃሌታው ሀ አይጻፍም። ሌላ ከተማ ቢሆን ዝም እል ነበር። ጎንደር ላይ ግን ከተጠሪዎቹ መካከል አንድ መሪጌታ አይጠፋም። በዓታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም (የማኅሌቱን ሥርዓት) የተማረ ከሆነማ እህሉን ሳይቀምስ ሆሄዋን ያርማል።

አክስትዎም አልተሳሳቱም፤ የሚያወሩት ስለ ሌላ ነገር ነው። ፍትሐት ቤተ ክርስቲያን የሚደረገው ጸሎት ነው። ተዝካር ደግሞ በስሟ የሚወጣው መታሰቢያ ነው፤ ድግሱ፣ ለድኻው የሚበላው የሚጠጣው። «ዘከረ»፣ አሰበ ከሚለው ነው። ዝክርም ከዚያው ይወጣል፣ እሱ ግን ለጻድቅ ለመልአክ ነው፤ ለእናትዎ አርባ «ዝክር» ብለው እንዳይጽፉ። እንዲህ ቢሉት ይበቃል፦ «ከጸሎተ ፍትሐቱ በኋላ በቤታችን በተዘጋጀው የ40 ቀን ተዝካር ላይ እንድትገኙልን።» «የጸሎተ ፍትሐት ጸሎት» አይበሉ፤ ጸሎቱ አንዴ ይበቃዋል። «የሥርዓተ ቀብር ሥነ ሥርዓት»ም እንደዚያው ነው፤ በየመርዶው ማስታወቂያ አየዋለሁ፣ ያሳክከኛል።

ማተሚያ ቤት ሳይሄዱ ግን ቀኑን ለንስሐ አባታችሁ ያሳዩ። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት የለም። በዚያ ሳምንት ለሚያርፉ ሁሉ የሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ አስቀድሞ ይደረግላቸዋል።