ጠይቁን፦ የተንጠለጠለው መብራት የት ገባ?

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። ሦስቱም ስለ ፍላይት ሲሙሌተር፣ በኮምፒውተር አውሮፕላን ስለሚበርበት ፕሮግራም ማለት ነው፣ ሦስቱም ከጎንደር። ከተማው ውስጥ ኤርፖርት የሚሠራ ሰው በዝቷል ማለት ነው፤ ደስ ይላል።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የአጼ ቴዎድሮስ ኤርፖርትን ኤክስ ፕሌን ለሚባለው ሲሙሌተር እየሠራሁ ነው፣ የምጠቀመው ዕቃዎችን ካርታው ላይ ማስቀመጫ የሆነውን ወርልድ ኤዲተርን ነው። ህንፃው ቆሟል፣ መንደርደሪያውም ደህና ነው። ያስቸገረኝ መብራት ነው። ተርሚናሉ በር ላይ ካለው ጣሪያ ሥር ላንጠለጥለው ስል መሬት ላይ ቁጭ ይላል። ቆይቼ ከፍታ የሚሞላበት ቦታ አገኘሁና ኤምኤስኤል የሚለውን መርጬ 4 ጻፍኩ። ጭራሽ ጠፋ! የት ገባ?

መልስ፦ አልጠፋም፣ ቀብረኸዋል። ኤምኤስኤል ከባህር ወለል ጀምሮ የሚቆጠር ከፍታ ነው። የእናንተ ኤርፖርት ደግሞ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው። 4 ስትለው ኤዲተሩ እንደታዘዘው ከባህር ወለል 4 ሜትር ብቻ ከፍ አደረገልህ፣ ስለዚህ መብራትህ አሁን ከአዘዞ ሥር ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ እያበራ ነው።

አንተን የሚያዋጣህ ኤጂኤል (ከመሬት በላይ) የሚለው ነው። እሱ የሚቆጥረው ዕቃው ካለበት መሬት ተነስቶ ነው። ያንተ ኤዲተር ላይ ይኼ ምርጫ ከሌለ አሮጌ ነውና አዲሱን አውርድ፣ በነፃ ነው። ቁጥሩን ከመጻፍህ በፊት ግን ኤዲተሩ በሜትር ይሁን በጫማ (ፊት በሚባለው መለኪያ) እንደሚያሳይህ እየው። በጫማ ከሆነና 4 ካልክ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ይሆናል፣ መብራቱ ከተሳፋሪው ወገብ ጋር ይስተካከላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጨረስኩ ብሎ ይነሳል። አልጨረስክም። ጣሪያውን የያዘው ህንፃ ከፍታውን የሚወስደው ከአንድ ነጥብ ነው፣ ሞዴሉ ሲሠራ መነሻ ተብሎ ከተቀመጠው ነጥብ ማለቴ ነው፤ እዚያ ነጥብ ሥር ያለው መሬት ከፍ ካለ ህንፃው በሙሉ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ካለም እንደዚያው። መብራትህ ግን የሚጠይቀው የራሱን እግር ሥር ነው። ህንፃው መሃል ላይ ያለው መሬትና በሩ ላይ ያለው መሬት በግማሽ ሜትር ቢለያዩ አንዱ መብራት ጣሪያውን በስቶ ይወጣል፣ ሌላው አየር ላይ ተንሳፎ ይቀራል። ጎንደር ደግሞ ሜዳ የሆነ ቦታ ስንት አለና!

እኔ የምመርጠው መላ ይኼ ነው። መብራቶቹን በሙሉ ብሌንደር (የሞዴል መሥሪያው ፕሮግራም) ውስጥ ከህንፃው ጋር አንድ ላይ ክፈታቸው፣ በትክክለኛ ቦታቸው ላይ ስቀላቸው፣ ከዚያ የህንፃውን መነሻ ነጥብ ለእነሱም ሰጥተህ ከህንፃው ለይተህ እንደ አንድ ኦብጀክት (አንድ ዕቃ) አውጣቸው። ኤዲተሩ ላይ ህንፃውን ያስቀመጥክበትን ላቲቲዩድ፣ ሎንጊቲዩድና አቅጣጫ ኮፒ አድርገህ ለመብራቱ ስጠው። ከፍታ የሚባል ነገር አትንካ፣ ሁለቱም መሬት ላይ ይሁኑ። መሬቱ ከፍ ቢል ዝቅ ቢል አብረው ይሄዳሉ። ሥራው ትንሽ ይበዛል፣ ግን አንዴ ነው።

ሞዴል መሥራት አልችልም ካልክ ኤርፖርቱ ላይ ኦልዌይስ ፍላተን (ሁልጊዜ መሬቱን ደልድለው) የሚለውን ምርጫ አብራና ኤጂኤል ተጠቀም። መሬቱ ጠፍጣፋ ስለሚሆን ልዩነቱ ይጠፋል። ዋጋው የመንደርደሪያው እውነተኛ ዳገትና ቁልቁለት አብሮ መጥፋቱ ነው። እኔ አልወደውም፣ ምርጫው ግን ያንተ ነው።

«የመሬቱን ከፍታ አውቄ በኤምኤስኤል ልክክ ባደርገውስ?» እንዳትለኝ። አንተ ኮምፒውተር ላይ ያምራል። ሌላ የመሬት ቅርጽ የጫነ ጓደኛህ ጋ ሲሄድ ግን ህንፃው ከመሬቱ ጋር ይወርድና መብራቱ ሰማይ ላይ ይቀራል።

ቦታውን ለማረጋገጥ ጥላውን እይ። ሲሙሌተሩን ሚያዝያ 16 አካባቢ ላይ (በሲሙሌተሩ አቆጣጠር ኤፕሪል 24) አድርገውና ሰዓቱን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሙላው፣ በሲሙሌተሩ አቆጣጠር 12፡30 መሆኑ ነው። በዚያ ሰሞን ጎንደር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን የተንጠለጠለ ነገር ጥላው ቀጥታ ሥሩ ይወድቃል። ጣሪያው ጥላ እንዳይጋርድብህ ለጊዜው ደብቀው።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ ለጥምቀት መንገድ ላይ እንደሚሰቀለው ከምሰሶ ምሰሶ የተወጠረ የባንዲራ ገመድ መሥራት ፈልጌ ነበር። አንዱ ምሰሶ ዳገቱ ላይ ነው፣ ሌላው ታች። ባንዲራዎቹን አንድ በአንድ ሳስቀምጥ እንደ ደረጃ ተሰባበሩብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አንድ በአንድ አታስቀምጪ። እያንዳንዷ ባንዲራ የራሷን መሬት ስለምትከተል ነው መስመሩ የሚሰባበረው። ሁለቱን ምሰሶዎች፣ ገመዱንና ባንዲራዎቹን አንድ ኦብጀክት አድርጊያቸው፣ የገመዱንም መርገብ እዚያው ሞዴሉ ውስጥ ሳዪው። ምሰሶዎቹን ከመሬት በታች ሁለት ሜትር ያህል አርዝሚያቸው፤ ዳገቱ ላይ ያለው ጠልቆ ይገባል፣ ታች ያለውም እግሩ አይንጠለጠልም። የሚያየው የለም። ቁልቁለቱ ከዚያ የባሰ ከሆነ አንዱን ምሰሶ ከነገመዱ ጫፍ ዝቅ አድርገሽ ሥሪው።

ሌላ ነገር፣ ገመዱን አውሮፕላን የሚነካው ጠንካራ አካል እንዲሆን አታድርጊው። የሚያርፍበት ነገር አይደለም፣ ትርፉ ጣጣ ነው። ደግሞም የበዓሉን ዕቃ በሙሉ ለብቻው ፎልደር ውስጥ አድርጊው። ጥር 11 አልፎ ሲሰለችሽ ፎልደሩን ከከስተም ሲነሪ (የተጨማሪ ሥራዎች ማስቀመጫ ፎልደር) አውጥተሽ ኤርፖርቱን ሳትነኪ ትገላገያለሽ።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ እኔ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ላይ ነኝ። ከፍታ ጽፌ ሴቭ ሳደርግ ዕቃው ተመልሶ መሬት ላይ ይወርዳል። ለምን?

መልስ፦ ስናፕ ቱ ግራውንድ (መሬት ላይ ለጥፈው) የሚለው በርቶብህ ነው። እሱ በርቶ እያለ የጻፍከው ከፍታ ከቁም ነገር አይገባም። አጥፋው። ከዚያ የዕቃዎቹ ቦታ የተጻፈበትን ኤክስኤምኤል ፋይል ከፍተህ አልቲቲዩድ ኢዝ ኤጂኤል (ከፍታው ከመሬት ይቆጠር) የሚለው ትሩ (እውነት) መሆኑን ተመልከት፤ ፎልስ (ሐሰት) ከሆነ ያንተም ዕቃ ከአዘዞው ልጅ መብራት ጋር መሬት ውስጥ ይገናኛል።