ጎመን ለቡና ቁርስ

ከ20 ዓመት በላይ በውጭ አገር ኖሬ ወደ ደሴ ከተመለስኩ በኋላም፣ እዚያ የቀሩት ዘመዶቼና ወዳጆቼ ስለ ጎመን ቺፕስ፣ ማለትም በኦቨን ደርቆ ኩርሽም ስለሚል የጎመን ቅጠል፣ እየደወሉ ይጠይቁኛል። የብዙዎቹ ችግር ተመሳሳይ ነው፤ ቅጠሉ ወይ ያርርባቸዋል፣ ወይ ጠርዙ ደርቆ መሃሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ልፍስፍስ ይልባቸዋል። ለእያንዳንዱ በስልክ የነገርኩትን ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብዬ እዚህ ጽፌዋለሁ።

አስቀድሜ ይህን ምግብ ለምን እንደምወደው ልናገር። እኛ ወሎ ውስጥ ያደግን ሰዎች ቡና ያለ ቁርስ ማቅረብ ይከብደናል፤ በረከቦቱ አጠገብ ቆሎ፣ ዳቦ ወይም ንፍሮ ሊኖር ይገባል። በቡናው ዙሪያ የሚቀመጠው ጎረቤት ደግሞ እስላምም ክርስቲያንም ነው። ሥጋ ያለበት ነገር ከቀረበ ማን እንደባረከው መጠየቁ አይቀርም፤ ቅቤ ከገባበት ጿሚው ይቀራል። ጎመን፣ ዘይትና ጨው ግን ለሁሉም የተፈቀደ ነው፤ በዐቢይ ጾምም፣ በረመዳን ማፍጠሪያም፣ በፍልሰታም ያለ ሐሳብ ይቀርባል። በውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦች ግን ቆሎ መቁላት ሲደክማቸው ጨው የበዛበትን የድንች ቺፕስ ከሱቅ ገዝተው ሲያቀርቡ በየቤቱ አይቻለሁ። ቅጠሉ በየገበያው በርካሽ ስለሚገኝ፣ ትንሽ ትዕግሥት ጨምራችሁ ከዚያ የተሻለ ቁርስ በቤታችሁ ማዘጋጀት ትችላላችሁ።

ሥራውን በትክክል ለመያዝ የጎመን ቺፕስን እንደ ጥብስ ሳይሆን እንደ ድርቆሽ ወይም እንደ ቋንጣ አስቡት። ዓላማው በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ውኃ ቀስ ብሎ ማስወጣት ነው፤ ትኩስ ጎመን አብዛኛው ክብደቱ ውኃ ነውና። እናቶቻችን በርበሬውን ፀሐይ ላይ በሰፌድ ሲያሰጡ አንዱ በአንዱ ላይ እንዳይደራረብ የሚጠነቀቁት ለዚህ ነበር። እሳቱ ሲበረታ የቅጠሉ ውጭ ውስጡ ሳይደርቅ ያርራል፤ ቅጠሉ ሲደራረብ ደግሞ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ከታች ያለውን ይቀቅለዋል። ከሚደውሉልኝ ሰዎች መካከል ስሕተቱ ከእነዚህ ከሁለቱ ውጭ የሆነበት ሰው ብዙም አላጋጠመኝም።

ከቅጠሎቹ ሁሉ ለጀማሪ የምመርጠው ኬል የተባለውን ጠርዙ የተጨማደደ የፈረንጅ ጎመን ነው፤ ጭምድድነቱ አየር ስለሚያስገባ ቶሎና እኩል ይደርቃል። በውጭ አገር ከተሞች የሐበሻ ጎመንን ተክታ የምትሠራው ኮላርድ የተባለችው ጎመን ወፍራምና ለስላሳ ስለሆነች በትንንሹ ተቆርጣ ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ ትፈልጋለች፤ ጣዕሟ ግን ወደ አገር ቤቱ ይቀርባል። ኬልና ኮላርድ በእጽዋት ሳይንስ አንድ ዝርያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 የታተመው የእጽዋት ተመራማሪው የናጋሃሩ ዩ ጥናት እንዳሳየው ደግሞ የእኛው የሐበሻ ጎመን የሰናፍጭና የእነዚሁ የኬል ወገኖች ድቅል ነው፤ ስለዚህ ኬልን የባዕድ ቅጠል አድርጎ የሚያይ ሰው የጎመናችንን የሥጋ ዘመድ እየሸሸ መሆኑን ይወቅ። ቆስጣና ስፒናች ስስና ውኃ የበዛባቸው ስለሆኑ ሲደርቁ እንደ ወረቀት ይሳሳሉ፣ ከትሪውም ላይ ይጣበቃሉ፤ እጃችሁ እስኪለምድ ድረስ ተዉአቸው።

አንድ እስር ኬል፣ ማለትም ከ200 እስከ 250 ግራም የሚመዝነውን፣ ወስዳችሁ የመሃሉን ወፍራም ዘንግ በሙሉ አውጡ። ዘንጉ ውኃ ስለሚይዝ ቅጠሉ ደርቆም እርሱ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል፤ ከትፋችሁ ለወጥ አስቀምጡት። ቅጠሉን ሲደርቅ በጣም ስለሚያንስ የመዳፍ ስፋት ባላቸው ቁራጮች ቀድዱት። ከዚያ እጠቡት፣ አጠንፍፉት፣ በንጹሕ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁም በሌላ ፎጣ እየተጫናችሁ አድርቁት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ጠፈፍ ያለ የሚመስል ጎመን በጭምድዱ ውስጥ ብዙ ውኃ ይደብቃል። እኔ ማታ አጥቤ በፎጣ ጠቅልዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረውና በማግሥቱ እሠራዋለሁ፤ ይህን ከጀመርኩ ወዲህ አንድም ጊዜ አልለፈሰፈሰብኝም።

ለዚህ መጠን አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት በቂ ነው፤ የሱፍ ወይም የወይራ ዘይት ይሁን። ዘይቱን አፍስሳችሁ ቅጠሉን በእጃችሁ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ እያሻችሁ በየጭምድዱ አዳርሱት። ቅጠሉ ሊያብረቀርቅ ይገባል እንጂ ዘይት ሊንጠባጠብበት አይገባም። ጨው ውኃ ስለሚስብ ቀድሞ ተነስንሶ መቆየት የለበትም፤ ሩብ የሻይ ማንኪያ የምታህለውን ወደ ኦቨን ልታስገቡት ስትሉ ነስንሱ፤ ሲደርቅ ጨውነቱ ስለሚጎላ ጥቂት የመሰላችሁ መጠን በቂ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ኦቨኑን በ150 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አሜሪካ ላላችሁ በ300 ፋራናይት አስቀድማችሁ አሙቁት፤ ማራገቢያ ያለው ከሆነ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀንሱ። ትሪው ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፋችሁ ቅጠሉን አንድ ረድፍ ብቻ ዘርጉት፤ ካልበቃ ሁለት ትሪ ተጠቀሙ። ከ10 ደቂቃ በኋላ በሩን ከፍታችሁ እንፋሎቱን አስወጡ፣ ትሪውንም አዙሩት። ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 25 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርሳል፤ ነገር ግን ኦቨን ሁሉ አንድ ስላልሆነ ከ12ኛው ደቂቃ ጀምሮ ከአጠገቡ አትራቁ። አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ ጠርዙ ብቻ ቡናማ መሆን ሲጀምር አውጡት። ሙሉ በሙሉ ቡናማ ከሆነ መራራ ነው፣ የሚታረምበት መንገድም የለውም።

በርበሬን በተመለከተ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራ በርበሬውን ከዘይቱ ጋር አሽቼ፣ እሳቱንም 200 ዲግሪ አድርጌ አስገባሁት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በርበሬው አርሮ ጭሱ ቤቱን ሞላው፤ ልጆቹ እያሳሉ ወደ ውጭ ወጡ፣ የጭስ ማስጠንቀቂያውም ጮኸ፤ በአፓርታማው ውስጥ የነበሩ አረጋውያን ጎረቤቶች በብርድ ከቤታቸው ለመውጣት ተገደዱ። ያን ቀን ያፈርኩትን አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ በርበሬም ሆነ ሚጥሚጣ የምነሰንሰው ሊወጣ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ወይም ከወጣ በኋላ ትኩሱን ነው። ለልጆች አንድ የሻይ ማንኪያ ምጥን ሽሮ ከዘይቱ ጋር አሽታችሁ ብታስገቡት የቆሎ ጣዕም ይሰጠዋል፤ በቤቴ ከሁሉ የሚወደደው ይኸኛው ነው። ሽሮው ውስጥ በርበሬ ስላለ ግን እሳቱን ከ150 ዲግሪ አታሳልፉት።

ከኦቨን ሲወጣ ትንሽ የለሰለሰ ቢመስላችሁ አትመልሱት፤ እዚያው ትሪው ላይ አምስት ደቂቃ ሲቀዘቅዝ ኩርሽም ማለት ይጀምራል። ሳይቀዘቅዝ በዕቃ ከከደናችሁት ግን የራሱ እንፋሎት ያረጥበዋል። ደሴ በክረምት ጉም ስለሚውልባት ሳህን ላይ የተተወ ቺፕስ ብዙ ሳይቆይ ይለሰልሳል፤ ዝናብ በሚበዛባቸው ከተሞች የምትኖሩም ይህ ይገጥማችኋል። በሚገባ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ጨርሱት፤ ከለሰለሰ በ120 ዲግሪ ሴልሺየስ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ብታሞቁት ይመለሳል።

ወላጆቻችሁን ከአገር ቤት አስመጥታችሁ የምታስታምሙ ሰዎች አንድ ነገር በብርቱ እንድታስቡበት እለምናችኋለሁ። ኬልና ሌሎችም ጎመኖች ደም እንዲረጋ የሚረዳው ቫይታሚን ኬ በብዛት አላቸው። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እነዚህን ቅጠሎች በድንገት ማብዛቱ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል፤ በድንገት ማቆሙም እንዲሁ መጠኑን ያዛባል። ቺፕስ ሲሆን ደግሞ አንድ ሙሉ እስር ጎመን ሳይታወቅ ተበልቶ ያልቃል። ሳህኑን በፊታቸው ከማስቀመጣችሁ በፊት ሐኪማቸውን ጠይቁ። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ደግሞ ጠጠር ሊፈጥር የሚችለው ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ከሚበዛባቸው ከስፒናችና ከቆስጣ ይልቅ ኬልን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ለእንግዳ ስትሠሩ ማታ አጥባችሁ አሳድሩትና ቡናው ታጥቦ ምጣድ ላይ ሲወጣ ትሪውን ኦቨን ውስጥ አስገቡ። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው ፈልቶ እስኪሰክን ድረስ ቅጠሉም ደርቆ ይቀዘቅዛል፤ አቦሉ ሲቀዳ አብሮ ይቀርባል።