በፍልሰታ ከቦሎኛ ወደ ሮም፦ የት ወርደን እንብላ?

ጥያቄ፦ ልጄ ቦሎኛ ትኖራለች። በነሐሴ ልጠይቃት እሄዳለሁ፤ ባሏም በመኪና ሮም ሊያደርሰን አስቧል። ወሩ ግን ፍልሰታ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ዓሣም አልቀምስም። የልጄ ባል «መንገዱ ሁሉ ምግብ ቤት ነው፣ አያስቡ» ይለኛል። እኔ ግን ያን ያህል አገር አቋርጬ ደረቅ ዳቦ በልቼ መመለስ አልፈልግም። ለጾሜ የሚሆን የአገሩን ምግብ የት እናገኛለን?
(እናት፣ ከጅማ ሄርማታ)

መልስ፦ እናቴ፣ የልጅዎ ባል የሚላቸውን ምግብ ቤቶች አውቃቸዋለሁ። ወደ ጅማ ከመመለሴ በፊት ፍሎሬንስ ሰው ቤት ተቀጥሬ ምግብ እሠራ ስለነበር ብዙ ጊዜ ወርጄባቸዋለሁ። መጥፎ አይደሉም፤ ቡናቸውም ይጠጣል። ነገር ግን ከሚላን እስከ ናፖሊ በተዘረጋው አውራ ጎዳና ላይ የሚሸጠው ሳንድዊች የትም ቢቆሙ ያው ነው። ለጎረቤት የሚወራ አይደለም።

ቦሎኛ አካባቢ ለመብላትም አይቸኩሉ። ያ አገር ለጾመኛ አይመችም፤ ታሊያቴሌ የሚሉት ጠፍጣፋ ፓስታ በእንቁላል ይቦካል፣ ስጎው ሥጋ ነው፣ ቶርቴሊኒ በሚሉት ሙሌት ፓስታ ውስጥ አሳማ አለ፣ ወደ ባሕሩ በኩል የሚጋገረው ፒያዲና የተባለው ቂጣ እንኳ ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ ይገባበታል። ተራራውን ተሻግረው ፍሎሬንስ ያለችበት ክፍለ ሀገር ቶስካና ይግቡ። የቶስካና ገበሬ ለዘመናት የኖረው በዳቦ፣ በቦሎቄ፣ በአትክልትና በወይራ ዘይት ነው፤ ሳያስበው ለእኛ ጾም አብስሎልናል።

ፍሎሬንስን አልፋችሁ ወደ ሮም ስትወርዱ «ቫልዲኪያና» (የኪያና ሸለቆ ማለት ነው) በሚለው መውጫ ውጡ። ከቦሎኛ 200 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከዚያ ወደ ሞንቴፑልቻኖ በሚወስደው የገጠር መንገድ ላይ ትራቶሪያ (ቀለል ያለ ምግብ ቤት) የሚል ጽሑፍ ያለበት ቤት ፈልጉና ፒቺ አል አልዮኔ እዘዙ። ፒቺ በዱቄት፣ በውኃና በጥቂት ዘይት የሚለወስ ወፍራም ፓስታ ነው። ሴቶቹ ሊጡን በቀጭኑ ይቆርጡና አንድ በአንድ በመዳፋቸው ሥር እያንከባለሉ ይስቡታል፤ ስለዚህ አንዱ ወፈር፣ አንዱ ቀጠን ይላል፣ ሲያኝኩትም ጥርስ ላይ ይታወቃል። አልዮኔ ደግሞ የዚያ ሸለቆ ነጭ ሽንኩርት ነው። ራሱ ጡጫ ያህላል፣ ግን አይፋጅም። በወይራ ዘይት፣ በዝግታ እሳት እስኪሟሟ ከበሰለ በኋላ ቲማቲም ይጨመርበታል። ቅቤ የለም፣ ሥጋ የለም።

ከፒቺው በፊት ፓንዛኔላ ይቅረብልዎ። የሰነበተ ዳቦ በውኃ ይርስና ተጨምቆ ይፈረፈራል፤ ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ኪያር፣ የበሶብላ ዘመድ የሆነው ባዚሊኮ፣ ዘይትና ኮምጣጤ ይገባበታል። ሲያዩት «ይህማ የቲማቲም ፍትፍት ነው» ማለትዎ አይቀርም። የቶስካና ዳቦ ጨው የለውምና ጋጋሪው ረስቶት እንዳይመስልዎ። እኔ እዚህ ጅማ በተረፈ ድፎ ዳቦ እሠራዋለሁ፤ ሆኖም የድፎው ጥቁር አዝሙድ ጣዕሙን ወደ ሌላ ይወስደዋል። ሪቦሊታ የሚባለው ዝነኛ የዳቦና የቦሎቄ ሾርባ ግን የክረምታቸው ምግብ ነው፤ በነሐሴ ሙቀት አይፈልጉት።

ሲያዝዙ ልጅዎ «ሴንጻ ካርኔ፣ ሴንጻ ፎርማጆ፣ ሴንጻ ኡኦቫ» ትበል፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ፣ ያለ እንቁላል። አንዳንዱ ቤት ፒቺው ላይ እንቁላል ጠብ ያደርጋል፣ አንዳንዱ ፓንዛኔላው ላይ ቱና ይበትናል፤ አይብ መነስነስማ ልማዳቸው ነው። ሒሳቡ ላይ «ኮፔርቶ» ተብሎ በሰው አንድ ሁለት ዩሮ ቢጨመር የገበታ ክፍያ ነውና አይጣሉ።

ዋናው ጭንቅ ሰዓቱ ነው። የገጠር ምግብ ቤት ምሳ የሚያቀርበው በእኛ አቆጣጠር ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት፣ ቢበዛ ስምንት ተኩል ነው። እርስዎ ዘጠኝ ሰዓት ሲሉ ምድጃው ጠፍቷል፤ እስከ ምሽቱ አንድ ተኩል የሚቀበልዎ የለም። ለምኖ ማስከፈት ደግሞ እዚያ አይሠራም። ስለዚህ ጉዞውን በቅዳሜ ወይም በእሑድ አድርጉት፤ በሰንበት እስከ ዘጠኝ አይዋልም። የእሑድ ቅዳሴ አይለፈኝ ካሉ ቅዳሜ ይሁን፤ ግን የነሐሴ ቅዳሜ መንገዱ በእረፍተኛ ይጨናነቃልና ገና ሲነጋ ተነሡ። ነሐሴ 9ን ግን ተዉት። የእነርሱ የፍልሰታ በዓል ያን ቀን ነው፤ እኛ ጾሙን ሳንጨርስ እነርሱ ይፈስካሉ። የከተማው ምግብ ቤት ብዙው ይዘጋል፣ የገጠሩ ደግሞ ጢም ይላል። በሌላውም ቀን ቢሆን ልጅዎ ቀደም ብላ ደውላ ቦታ ትያዝ።

የልጅዎ ባል የማይጾም ከሆነም አይከፋም። ኪያኒና የሚባለው ግዙፍ ነጭ የበሬ ዘር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሸለቆ ነው፤ እርሱ ጥብሱን ይዘዝ፣ እርስዎ ፊትዎን ወደ መስኮቱ አዙረው ይቀመጡ።