ስለ ቪዲዮ ጌም ጠይቃችሁኛል

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ራት ቀርቧል ስለው «አሁን ማቆም አልችልም» ይለኛል። ሰሞኑን ትዕግሥቴ አልቆ ሶኬቱን ነቀልኩበት፤ ከዚያ ወዲህ አኩርፎኛል። ባለቤቴ «ይህ ሱስ ነው» ይላል። ሐኪም ዘንድ ልውሰደው? (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ ሶኬቱን ሲነቅሉ ልጁ ምን እየተጫወተ ነበር? ደብዳቤዎ ይህን አይነግረኝም፤ እኔ ግን ያለዚህ ልፈርድ አልችልም።

ማይንክራፍትን ብቻውን የሚጫወት ልጅ ጨዋታውን ባለበት አቁሞ፣ በልቶ፣ ተመልሶ ካቆመበት መቀጠል ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ልጅ «አልችልም» ሲል አልፈልግም ማለቱ ነውና ይቆጡት። ፎርትናይት ሌላ ነው። በዋናው የፎርትናይት ጨዋታ እስከ 100 የሚደርሱ ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው ይፋለማሉ፤ የእርስዎ ልጅ ለራት ስለተጠራ የሌሎቹ ጨዋታ አይቆምም። አንዱ ዙር 20 ደቂቃ ገደማ ሊፈጅ ይችላል። ከጓደኞቹ ጋር በቡድን ገብቶ ከሆነ ደግሞ መሃል ላይ ጥሏቸው ሲጠፋ በማግስቱ የሚወቅሱት አሉ። እንደ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ባሉት ደግሞ አቋርጦ የሚወጣን ተጫዋች ጨዋታው ራሱ ይቀጣዋል። ስለዚህ ልጅዎ የነገረዎት እውነቱን ሊሆን ይችላል።

የምመክረው ይህን ነው። ራት ከመቅረቡ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ይሂዱና «ይህ ዙር መቼ ያልቃል?» ብለው ይጠይቁት። ሲያልቅ ሌላ እንዳይጀምር እዚያው ይስማሙ። በሰዓት ሳይሆን በዙር ይቁጠሩ። ቃሉን አፍርሶ አዲስ ዙር ከጀመረ እኔም ከእርስዎ ጎን ነኝ፤ ምንም አልከራከርለትም።

ሱስ ስለሚባለው፦ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ 11ኛ ዕትም በጌም የሚመጣን የጤና እክል አካትቷል። ዕትሙ እ.ኤ.አ. በ2019 ጸድቆ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። መስፈርቱ ግን ጠንካራ ነው። ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር ያቃተው፣ ከሌላው የሕይወቱ ጉዳይ ሁሉ ያስቀደመው፣ ጉዳት እየደረሰበት እንኳ የቀጠለ መሆን አለበት፤ ይህም ኑሮውን በእጅጉ ያናጋ፣ አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ያህል የታየ እንዲሆን ይጠበቃል። ራት ላይ 20 ደቂቃ መዘግየት እዚህ አጠገብ አይደርስም። እንቅልፉን፣ ትምህርቱንና ጓደኞቹን ትቶ ከሆነ ግን ሐኪም ማማከሩን አያዘግዩ።

በነገራችን ላይ፣ ጨዋታው መረጃ በማስቀመጥ ላይ እያለ ኃይል ከተቋረጠ የተቀመጠው ሊበላሽ ይችላል። የወራት ድካሙ በዚያች ቅጽበት ጠፍቶ እንደሆነ ይጠይቁት። ጠፍቶ ከሆነ ኩርፊያው ይገባኛል።


ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመት ልጄ በስልኬ ጌም ስትጫወት ከባንክ ካርዴ ገንዘብ ተቆረጠ። «ሳጥን ነው የከፈትኩት» ትላለች። ብዙ ተቆጣኋት፤ አበዛሁት እንዴ? (የተናደደ አባት)

መልስ፦ አዎ፣ አብዝተውታል። ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ሳይታወቅ የሚገዛ፣ ከተከፈተ በኋላ በዕድል የሚወሰን ዕቃ ነው። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 በገንዘብ የሚሸጡትን እንዲህ ያሉ ሳጥኖች ቁማር ናቸው ብላ ከልክላለች። አዋቂን የሚያማልል ነገር ለዘጠኝ ዓመት ሕፃን ተሰጥቶ እሷ ብቻ ትወቀስ?

በአሜሪካም የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን የፎርትናይትን ባለቤት ኤፒክ ጌምስን ከሶ፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ለተጠቃሚዎች የሚመለስ 245 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ክሱ የቁልፎቹ አቀማመጥ ግራ የሚያጋባ በመሆኑ ሰዎች በአንድ ንክኪ ሳያስቡት ይገዙ ነበር፣ ልጆችም ያለ ወላጅ ፈቃድ ያወጡ ነበር የሚል ነው።

አሁን ጨዋታውን ያወረዱበትን መደብር ገንዘቡን እንዲመልስልዎ ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ ለዚህ የተዘጋጀ ቅጽ አላቸው። ካርዱን ከስልኩ ያጥፉ፤ ወይም ለእያንዳንዱ ግዢ የይለፍ ቃል እንዲጠየቅ ያድርጉ። የይለፍ ቃሉ የልጅቷ የልደት ቀን አይሁን።


ጥያቄ፦ ገንዘብ አጠራቅሜ የገዛሁት ጌም ኩባንያው ሰርቨሩን (ጨዋታው በኢንተርኔት የሚገናኘውን የኩባንያውን ኮምፒውተር) ስለዘጋ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አይሠራም። ብቻዬን የምጫወተው ክፍል እንኳ አይከፈትም። «ተሰረቅሁ» ብል አጋንኛለሁ? (ተማሪ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አላጋነንክም፤ የኩባንያው ጠበቃ ግን በዚህ አይስማማም። ስትገዛ «እስማማለሁ» ብለህ ያለፍከው ረጅም ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ እንደተሰጠህ ይናገራል። እኔ ይህ ነገር አይዋጥልኝም። ወንበር የሸጠልህ አናጢ ሱቁን ሲዘጋ ቤትህ ገብቶ ወንበሩን አይወስድም።

የአንተ ዕጣ የብዙዎች ነው። ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣውን ዘ ክሩ የተባለ የመኪና ውድድር ጌም ሰርቨር በመጋቢት 2024 መጨረሻ ዘጋው። ብቻን ለመንዳትም ግንኙነት ያስፈልግ ስለነበር ጨዋታው እንዳለ ሞተ። በዚህ የተቆጣው ሮስ ስኮት የተባለ አሜሪካዊ «ስቶፕ ኪሊንግ ጌምስ» (ጌሞችን መግደል ይቁም) የተሰኘውን ዘመቻ ጀመረ። ከዚሁ ጋር የተያያዘው የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች አቤቱታም በ2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አገኘ።

ዘመቻውን የሚነቅፉት ብዙዎች ጥያቄውን በትክክል አላነበቡትም። ሰርቨሩ ለዘላለም ይከፈት የሚል የለም። የተጠየቀው ኩባንያው ድጋፉን ሲያቆም ጨዋታውን ሊሠራ በሚችል ሁኔታ ትቶ እንዲሄድ ነው። ተጫዋቾች የራሳቸውን ሰርቨር እንዲያቆሙ መፍቀድ አንዱ መንገድ ነው፤ የግንኙነት ግዴታውን ማንሳት ሌላው። የኢንዱስትሪው ማኅበር ቪዲዮ ጌምስ ዩሮፕ ይህ የጨዋታ ሥራን እጅግ ውድ ያደርጋል፣ በግል ሰርቨሮች ላይም የተጫዋቾችን ደኅንነት መጠበቅ አይቻልም ሲል ተቃውሟል። ዛሬ በሥራ ላይ ላሉት፣ ከብዙ ኩባንያዎች በተገዛ ሶፍትዌር ለተገነቡት ጨዋታዎች ክርክሩ እውነት አለው። ነገ ለሚሠሩት ግን ሰበብ ይመስለኛል። መጨረሻው ከመጀመሪያው ከታሰበበት ወጪው ያን ያህል አይከብድም፤ መኪና ብቻን ለመንዳት ኢንተርኔት እንዲያስፈልግ ያደረገውም ተፈጥሮ ሳይሆን የኩባንያ ውሳኔ ነው።

የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ገዢው የሚያገኘው ፈቃድ ብቻ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ እንዲያሳውቁ አስገድዷል። ጨዋታውን ባያድንም ቢያንስ ዓይንህን ከፍተህ እንድትገዛ ያደርግሃል።

አንተም ከእንግዲህ ከመክፈልህ በፊት ጨዋታው ያለ ኢንተርኔት ይሠራ እንደሆነ አጣራ። ዲስክ መግዛት ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ አንዳንዱ ዲስክ የሚይዘው የጨዋታውን ከፊል ብቻ ነው። ጂኦጂ የተባለው መደብር ደግሞ ከመቆለፊያ (ያለ ሻጩ ማረጋገጫ እንዳይሠራ ከሚያግድ ገደብ) ነጻ የሆነ የመጫኛ ፋይል ስለሚሰጥ አውርደህ በራስህ ሃርድ ዲስክ ልታስቀምጠው ትችላለህ።


ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 61 ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጌም ጀመርኩ፤ እጄ ትንሽ ስለሚንቀጠቀጥ የምጫወተው በቀላሉ ደረጃ ነው። የወንድሜ ልጅ «እንደዚህ ከሆነ ጨርሰኸዋል አይባልም» እያለ ይስቅብኛል። (አዲስ ተጫዋች)

መልስ፦ ጋሼ፣ ይሳቅ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሴሌስት በአስቸጋሪነቱ የታወቀ ጨዋታ ነው፤ ሆኖም ሠሪዎቹ ራሳቸው ፍጥነቱን የሚቀንስ፣ ከፈለጉም ጭራሽ የማያስሞት የእርዳታ ምርጫ አስገብተውበታል። ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት እጃቸው እንደ ልብ ለማይታዘዝላቸው ተጫዋቾች ትላልቅ ቁልፎች ያሉት መቆጣጠሪያ አውጥቷል፤ ይሞክሩት። የደረጃ ምርጫ የማይሰጡ ሠሪዎችም አሉ፤ ኤልደን ሪንግ እንዲህ ነው። ያንንም አከብራለሁ፤ የራሳቸው ሥራ ነው። የወንድምዎ ልጅ ግን የሠራው ጨዋታ የለም፤ ስለዚህ ሕግ አያወጣም።

ሴሌስት ቢ-ሳይድ የሚባሉ እጅግ የከበዱ ምዕራፎች አሉት። ያለ ምንም እርዳታ ይጨርሳቸውና ስለ ችሎታ የሚለውን ይጻፍልኝ፤ በዚሁ ዓምድ አወጣዋለሁ።