የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ምዕራፍ አንድን አስራ አንዴ ፃፍኩት

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። ልብወለድ መፃፍ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ ሙዱ ሲመጣልኝ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ቁጭ ብዬ እፅፋለሁ፣ ከዛ ሶስት ሳምንት አልነካውም። ስመለስ የፃፍኩትን ሳነበው ያሳፍረኛል፣ ምዕራፍ አንድን እስካሁን አስራ አንዴ እንደ አዲስ ፅፌዋለሁ፣ ምዕራፍ ሶስትን ግን አላለፍኩም። ተሰጥኦ የለኝም ማለት ነው? ወይስ በቀን ይሄን ያህል ሰዓት መፃፍ አለብሽ የሚባል ነገር አለ? አንድ አንቀፅ ልኬላችኋለሁ፣ እውነቱን ንገሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ አንቀፅሽን ሶስት ጊዜ አነበብኩት። ከተሰጥኦው ልጀምርልሽ፣ እንቅልፍ የሚነሳሽ እሱ ስለሆነ። የፃፍሽው አባቷ ከብዙ አመት በኋላ ሊመጣላት ስለሆነች ልጅ ነው። መጀመሪያ ላይ እንዲህ ትያለሽ፦ «በጣም ናፍቋት ነበር። ልቧ በደስታ ተሞልቶ ነበር። ግን ደግሞ በጣም ፈርታ ነበር።» ይሄን ማንም ሊፅፈው ይችላል፣ አንባቢውም እሺ ብሎ ያልፈዋል እንጂ ምንም አይሰማውም። ሶስት መስመር ወረድ ስል ግን ይቺን አገኘሁ፦ «በሩ ስር የተደረደሩትን ጫማዎች ገፋ ገፋ አድርጋ የአንድ ጥንድ ቦታ ለቀቀች።» እዚች ጋ ቆምኩ። ናፍቆቱም ፍርሃቱም እዛች ባዶ ቦታ ውስጥ አለ፣ አንቺ ግን ስማቸውን እንኳን አልጠራሽም። እንደዚህ አይነት አረፍተ ነገር የፃፈ ሰው ተሰጥኦ አለኝ የለኝም እያለ ስምንት ወር መብሰልሰል የለበትም። የሚቀርሽ እንደዚህ አይነቷን አረፍተ ነገር በአጋጣሚ ሳይሆን ፈልገሽ ማምጣት ነው፣ እሱ ደግሞ በልምምድ የሚገኝ ነገር ነው።

አሁን ወደ አስራ አንዴው እንምጣ። አንቺ ያሰብሽው «ስራዬ ስለማያረካኝ ነው የምደጋግመው» ነው፣ እኔ ግን ምክንያቱ ሌላ ይመስለኛል። ሶስት ሳምንት ጠፍተሽ ስትመለሺ ልጅቷ እንዴት ነበር የምታወራው፣ ትረካው ቀስ ያለ ነበር ወይስ ፈጣን፣ ቀጥሎ ምን ሊሆን ነበር፣ ሁሉም ጠፍቶብሻል፣ ስለዚህ ድምፁን ለማግኘት ወደ ምዕራፍ አንድ ትመለሻለሽ፣ ከገባሽ በኋላ ደግሞ አንዱን ቃል ስትነኪ ሌላው ይፈርሳል፣ በቃ ሙዱ እዛው ያልቃል። ክፍተቱ ነው እንጂ አስራ አንዴ ያፃፈሽ ፅሁፉ አይደለም። ትናንት የፃፍሽው ከሆነ ግን ዛሬ መጨረሻዋን አንድ አንቀፅ አንብበሽ ትቀጥያለሽ። እና ደግሞ አስተውይ፣ ስምንት ወር ሙሉ የተለማመድሽው መጀመር ብቻ ነው፣ ነገር ማክረርንም ሆነ ታሪክ መዝጋትን አንድም ቀን አልሞከርሽም። ምዕራፍ አንድን ቆልፊው። ማስተካከል ያለብሽ ነገር ሲታወስሽ ሌላ ፋይል ላይ ማስታወሻ ያዢና እለፊ፣ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ድረስ አትንኪው። ጎን ለጎን በወር አንድ ሶስት ገፅ የማትሞላ አጭር ልብወለድ ፃፊ፣ ቆንጆ ባትሆንም ግድ የለም፣ መጨረሻ ይኑራት ብቻ።

ስንት ሰዓት ላልሽው፣ የተቆረጠ ቁጥር የለም። ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ ዋናው በየቀኑ ከምታደርጊው ከሆነ ነገር ጋር ማሰሩ ነው፣ ለምሳሌ ፊትሽን ታጥበሽ እንደጨረስሽ፣ ሌላ ነገር ሳትነኪ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ሰርተው ነበር፣ 96 ሰዎች ከአመጋገብ፣ ከመጠጥ ወይም ከእንቅስቃሴ አንድ አዲስ ነገር መርጠው በየቀኑ እንዲያደርጉ ተደረገ፣ ሳያስቡት የሚያደርጉት ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀባቸው፣ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያይ ነበር። መፃፍ ከነሱ የከበደ ስለሆነ በሶስተኛው ሳምንት «አሁንም ይከብደኛል» ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። ከዛው ጥናት በጣም የምወዳት ነገር ደግሞ አንድ ቀን መዝለል ብዙም ጉዳት እንደሌለው ማሳየቱ ነው። ማክሰኞ ካመለጠሽ ሮብ ቀጥይ፣ የማክሰኞን ካሳ ብለሽ ግን ሌሊት 9 ሰዓት ድረስ አትቀመጪ እባክሽ።

ይሄን ስል ግን በየቀኑ መፃፍ ብቻውን ያሳድጋል እያልኩሽ አይደለም፣ ያንኑ ስህተት በየቀኑ የሚደግም ሰው ስህተቱን ነው የሚያጠነክረው። በሳምንት አንድ ችግር ብቻ ያዢ። እኔ ስጀምር አንድ ገፄ ላይ «ነበር» የሚለውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ እያከበብኩ ቆጠርኩት፣ 23 ሆነ! አማርኛችን ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አረፍተ ነገሩ ሁሉ በአንድ ድምፅ ሲዘጋ ጆሮ ይደክማል፣ አይን ግን ቶሎ አያየውም፣ ጮክ ብለሽ ስታነቢው ነው የሚሰማሽ። ያን ሳምንት ስራዬ እሱ ብቻ ሆነ፣ አንዳንዱን «ነበር» አወጣሁት፣ ሁለት ሶስቱን አረፍተ ነገር አንድ አደረግኳቸው፣ አንዳንዱ ደግሞ የግድ ስለሆነ ተውኩት። ያንቺ የመጀመሪያ ሳምንት ስራ «በጣም» ይሁን። «በጣም ፈርታ ነበር» የሚል ባገኘሽ ቁጥር የፈራ ሰው እጁ ምን ያደርጋል ብለሽ ጠይቂ፣ ጫማዎቹን እኮ ያገኘሻቸው እንደዛ ነው።

አንድ ሌላ ልምምድ ልጨምርልሽ፣ አሜሪካዊው ፖለቲከኛና ፀሀፊ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በወጣትነቱ ማተሚያ ቤት እየሰራ ጠዋት ከስራ በፊትና ማታ ከስራ በኋላ ሲያደርገው የነበረ ነው። ከአንድ መፅሄት ደስ ያለውን ፅሁፍ ይወስድና የየአረፍተ ነገሩን ሀሳብ በአጭሩ ማስታወሻ ይይዛል፣ ጥቂት ቀን ያስቀምጠዋል፣ ከዛ መፅሄቱን ሳያይ ከማስታወሻው ብቻ ተነስቶ በራሱ ቃል ሙሉውን ይፅፍና ከዋናው ጋር ያስተያየዋል፣ ስህተቱንም እዛው ያርማል። አንዳንዴ ማስታወሻዎቹን ሆን ብሎ ያዘበራርቃቸውና ከሳምንታት በኋላ ቅደም ተከተላቸውን ራሱ ለማግኘት ይሞክራል። አንቺም የምትወጂውን አንድ አንቀፅ መርጠሽ ሞክሪው፣ ቀናቱን ግን አትዝለያቸው፣ ወዲያው ከፃፍሽው በቃል የያዝሽውን ነው የምትገለብጪው። ስታስተያዪው «እሱ እዚህ ጋ ቆመ፣ እኔ ግን አብራራሁ» የምትይው ቦታ ይመጣል፣ ማንም አስተማሪ እንደዛ አድርጎ አያሳይሽም።

ጥያቄ፦ እኔ ስራም ልጆችም አሉኝ፣ እውነቱን ለመናገር በቀን የማገኘው 15 ደቂቃ ነው። በዚህ መፃፍ ዋጋ አለው ወይስ ጊዜ እስካገኝ ልጠብቅ?

መልስ፦ ወንድሜ አትጠብቅ። እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ የፖስታ መስሪያ ቤት ሰራተኛ ሆኖ ነው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እየተቀመጠ፣ ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አድርጎ በየ15 ደቂቃው 250 ቃል ይፅፍ የነበረው፣ 47 ልብወለድ ፅፏል። አንተ 250 አያስፈልግህም፣ በአማርኛ ደግሞ አንድ ቃል ብዙ ይሸከማል፣ «አልነገረችንም» ስትል በእንግሊዝኛ አራት ቃል ነው። በቀን 100 ቃል፣ በሳምንት አምስት ቀን ብትፅፍ፣ በ50 ሳምንት 25,000 ቃል ይሆናል። 15 ደቂቃን የሚገድለው ምን ልፃፍ ብሎ ማሰብ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ስታቆም የነገውን የመጀመሪያ አረፍተ ነገር ግማሹን ፅፈህ ተወው። ነገ ስትከፍተው የምትጨርሰው ነገር ይጠብቅሃል። ልጆቹ ቀድመው ከተነሱብህ ደግሞ ያችን ግማሽ አረፍተ ነገር ብቻ ጨርሰህ ተነስ።