ባልዲ ላይ ስለሚበቅል ቲማቲምና ቃሪያ ያላችሁን ጠይቁኝ

በረንዳዬ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ ማብቀል ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ግብርና ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ የተማርኩት እየገደልኩ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከተከልኳቸው 12 ችግኞች የተረፉት 2 ብቻ ነበሩ። እነሱም የተረፉት ከአሮጌ ወንበር ጀርባ ረስቻቸው ነው። ሌሎቹን አሥሩን ቀን ከሌት ስንከባከብ ጨረስኳቸው። ዛሬ እረፍት ላይ ነኝ፤ ስለ ዘርም፣ ስለ ቅጠልም፣ ስለ ኑሮም ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋልክ? የቲማቲም ችግኜ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ወደ ታች ተዘርግፏል። ጠዋትና ማታ ሳላስተጓጉል አጠጣዋለሁ። ምን ጎድሎት ነው?

መልስ፦ ምንም አልጎደለውም እህቴ፣ በዝቶበት ነው። ሥርም እንደኛ አየር ይፈልጋል። አፈሩ ሁልጊዜ ውሃ ጠግቦ ከዋለ በመሃሉ የነበረው አየር ይወጣና ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ አይችልም፤ ስለዚህ ቅጠሉ ልክ እንደተጠማ ይጠወልጋል። አንቺ ያንን አይተሽ ‹ጠማው› ትያለሽ፣ ትጨምሪለታለሽ። አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ ቅጠሉ ላይ የሚረጭ ነገር ፍለጋ ይወጣል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ክተቺ። እርጥብ ከሆነ ጣሳውን አስቀምጪና ሂጂ። ከጣትም የሚበልጠው ባልዲውን በአንድ ጎን ብድግ አድርጎ ማየት ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ እጅሽ የደረቀውንና የጠገበውን በክብደቱ ይለያል።

ጥያቄ፦ ውሃው እንዲወርድ ብዬ ከባልዲው ስር ጠጠር ላደርግ ነው። ምን ያህል ልሙላ?

መልስ፦ ምንም። የቆየ ምክር ነው፣ እኔም ለዓመታት አድርጌዋለሁ፤ ግን ሥራው የተገላቢጦሽ ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይሻገርም። አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ ይዞት ይቆያል። ጠጠሩ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ያንን የጨቀየ አፈር ወደ ሥሩ ከፍ ማድረግ ነው። ባልዲውን እስከ ታች በለሰለሰ አፈርና በደንብ በበሰለ ኮምፖስት ሙላው፣ ከስሩ 5 ወይም 6 ቀዳዳ ይኑረው፣ ውሃው መውጫ እንዲያገኝ ሁለት ጣውላ ላይ አስቀምጠው። ለቲማቲም 20 ሊትር፣ ለቃሪያ 10 ሊትር የሚይዝ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ፍሬዎቼ ገና አረንጓዴ እያሉ የታችኛው ጫፋቸው ጠቁሮ እንደ ቆዳ ይደርቃል። የካልሲየም እጥረት ነው ብለውኝ የእንቁላል ቅርፊት እየፈጨሁ ስጨምር ከረምኩ። ምንም ለውጥ የለም።

መልስ፦ የነገሩህ ግማሽ እውነት ነው። ፍሬው ካልሲየም አጥቷል፤ አፈሩ ግን አላጣም። ካልሲየም ተክሉ ውስጥ የሚጓዘው በውሃ ጀርባ ታዝሎ ነው። ቅጠል በፀሐይ ብዙ ውሃ ስለሚያተን ብዙ ይስባል። ፍሬ ግን እምብዛም አያተንም፤ የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። አፈሩ ሁለት ቀን ደርቆ ሦስተኛው ቀን በጎርፍ ሲመታ ያ ትርፍራፊም ይቋረጣል፣ ከግንዱ የራቀው የፍሬው ጫፍ ይሞታል። ጥቁሩ የሚታይህ ከቀናት በኋላ ስለሆነ ጥፋቱን ከትናንቱ ውሃ ጋር አታያይዘውም። የእንቁላል ቅርፊት እስኪበሰብስ እጅግ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል፤ የዘንድሮን ፍሬ አያድንም። አፈሩን 5 ሴንቲሜትር በደረቅ ሣር ሸፍነው፣ ውሃውን እኩል እኩል ስጠው። የተበላሸውን ቅጠፍ። ብዙ ጊዜ የሚጠቃው የመጀመሪያው ዙር ነው፤ ተከታዮቹ ይተርፋሉ።

ጥያቄ፦ አበባው በሽ ነው፣ ፍሬ ግን የለም። በእጄ ስነካው ይረግፋል።

መልስ፦ ሙቀቱ እንዴት ነው? ቀኑ ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ፣ ሌሊቱ ከ24 በላይ ሲሆን ቲማቲም አበባውን ይጥላል። ሌሊቱ ከ13 በታች ሲወርድም እንዲሁ። በዚያ ሰሞን ከቀትር በኋላ ጥላ አበጅለትና ታገስ፤ አየሩ ሲመለስ እሱም ይመለሳል።

አየሩ ደህና ከሆነ ግን አበባው የሚያናውጠው አጥቶ ነው። የቲማቲም አበባ ወንዴም ሴቴም በአንድ ላይ ነው፣ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ችግሩ የሚያዳቅለው የአበባ ዱቄት የተቀመጠው ቢጫው ሾጣጣ ውስጥ መሆኑ ነው፤ እንደ ጨው መነስነሻ ካልነቀነቁት አይወጣም። ውጭ ያለውን ነፋስ ይነቀንቀዋል። የማር ንብ ይህን ሥራ አትችልም። ባምብልቢ የምትባለው ፀጉራም ትልቅ ንብ ግን አበባውን ትይዝና ክንፏን ሳትዘረጋ በጡንቻዋ ታንቀጠቅጠዋለች። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ የመስታወት ቤት አምራቾች በሳጥን የሚገዟት ለዚሁ ነው። እኛ ንብ ከሌለን ረፋድ ላይ ዘለላውን በጣት ጠረብ ጠረብ ማድረግ ነው። እኔ አንድ ሰሞን የባለቤቴን በባትሪ የሚሠራ የጥርስ ብሩሽ ተጠቅሜያለሁ። ጀርባውን ከአበባው አንገት ጋር ሳስጠጋው ቢጫ ዱቄት እንደ ጭስ ቡን ብሎ ጥቁሩ እጅጌዬ ላይ አረፈ። ያን ዓመት ፍሬው ጉድ ነበር። ብሩሹን ግን አዲስ ገዝቼ እንድተካ ተገድጃለሁ።

ጥያቄ፦ የኔ ደግሞ ቁመቱ ከኔ በልጧል፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ግንዱ እንደ አውራ ጣት። አንድም አበባ የለውም። ማዳበሪያ በየሳምንቱ ሰጥቼዋለሁ።

መልስ፦ ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ቅጠል ነው የሚያሳድገው። ሆዱ ጠግቦ ሳለ ለምን ስለ ልጅ ያስባል? ማዳበሪያውን አቁም። አበባ ሲጀምር ፖታሲየም የሚበዛበትን፣ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ግማሹን ስጠው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ይሄ ስለ ተክል ብቻ አይደለም። እናቴ ካረፈች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። የቃሪያ ዘሩን አብረን ነበር የዘራነው። ከዚያ ወዲህ በረንዳውን ከፍቼ ማየት አልቻልኩም። ትናንት ስከፍተው ሁሉም ደርቆ ቆሟል። ልጣለው ወይ?

መልስ፦ እግዜር ያጽናሽ ልጄ። ነፍሷን ይማርልሽ። አትጣይው፤ ቢያንስ ዛሬ አትጣይው። ቃሪያ በየዓመቱ የምንዘራው ስለለመድን እንጂ ተፈጥሮው ለዓመታት የሚኖር ቁጥቋጦ ነው። ውርጭ ካልመታው እንደገና ያቆጠቁጣል። ግንዱን ከአፈሩ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ብለሽ በጥፍርሽ ትንሽ ፋቅ አድርጊው። ከቅርፊቱ ስር ቡናማና ደረቅ ከሆነ አልፏል። እርጥብ አረንጓዴ ክር ካየሽ ግን በሕይወት አለ። አረንጓዴ ካለው ቅርንጫፎቹን ግንዱ እንደ ሹካ ከሚከፈልበት በላይ ቁረጫቸው፣ ቀስ እያልሽ ውሃ ስጪው፣ ማዳበሪያ እንዳትነኪ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ከአንጓዎቹ ነጠብጣብ የመሰሉ ቡቃያዎች ይወጣሉ። ፋቅ አድርገሽ ያየሽውን መጥተሽ ንገሪን፤ ባይኖርም ንገሪን።

ጥያቄ፦ በቅጠሉና በግንዱ ብብት የሚወጣውን ቡቃያ ይነቀል ወይስ ይተው? አንዱ እንዲህ፣ አንዱ እንዲያ ይላል።

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ዝርያ ነው። አጭር ሆኖ የሚቆም፣ ፍሬውን ባንድ ሰሞን የሚሰጥ ቲማቲም አለ፤ የሱን ብብት ከነቀልክ ምርትህን ነቀልክ። እንደ ሐረግ ሳያቋርጥ የሚረዝመውን ግን አንድ ወይም ሁለት ግንድ አስቀርተህ ሌላውን ትንሽ ሳለ በጣት ስበር። የነቀልከውን አትጣል፤ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ብታስቀምጠው ሥር ያወጣል፣ ሌላ ችግኝ ሆነልህ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሲጋራ ያጨሳል፤ ተክሎቹንም እሱ ነው የሚንከባከበው። ጭሱ ይጎዳቸዋል?

መልስ፦ ከጭሱ ይልቅ ጣቱን ፍሪ። ትንባሆ፣ ቲማቲምና ቃሪያ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ በሽታም ይዋዋሳሉ። የትንባሆ ሞዛይክ ቫይረስ በደረቀ ትንባሆ ውስጥ ሳይሞት ይቆያል፣ ከጣት ወደ ቅጠል ይሻገራል። ቅጠሉ ጠቃጠቆ አረንጓዴና ቢጫ ሆኖ ይኮማተራል፤ መድኃኒት የለውም፣ ነቅሎ መጣል ነው። እንዲያውም ‹ቫይረስ› የሚባል ነገር መኖሩ የታወቀው በዚሁ በሽታ ነው፤ ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤየሪንክ በ1898 እ.ኤ.አ. ከባክቴሪያ የተለየ ተላላፊ ነገር ነው ብሎ ስሙን የሰጠው ይህንኑ ሲያጠና ነው። ባለቤትሽ ከማጨስ ወደ ተክሎቹ ሲሄድ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ማጨሱንማ ቢተው ለሳንባውም ደግ ነበር፤ እሱን ግን ለናንተ ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ቃሪያ ስቆርጥ ዘሩን ሁሉ አውጥቼ ጣልኩ፤ ያም ሆኖ እጄ ሲቃጠል አደረ።

መልስ፦ የሚያቃጥለው ዘሩ አይደለም። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን ይባላል፤ የሚመረተውም ዘሩ በተጣበቀበት ነጭ ሥጋ ውስጥ ነው፤ ዘሩን የሚያስወነጅለው ጉርብትናው ነው። ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፣ በዘይት ይሟሟል። ስለዚህ መጀመሪያ እጅሽን በዘይት እሺው፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቢ። አፍ ሲቃጠል ደግሞ ወተት እንጂ ውሃ አይረዳም። ወፎች ማቃጠሉ አይሰማቸውም፤ በረንዳሽ ላይ ቃሪያሽን እየለቀመ አንቺን የሚያይ ወፍ ካለ ጀግና አይምሰልሽ።

ጥያቄ፦ ቅጠሉ ጀርባ ላይ ክሽክሽ የሚሉት ጥቃቅን ተባይ ፈልቷል፣ ጉንዳንም ይመላለሳል።

መልስ፦ ጉንዳኑ እረኛቸው ነው፤ ከክሽክሽ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ እየላሰ ከጠላት ይጠብቃቸዋል። ቅጠሉን በእጅህ ደግፈህ ጀርባውን በጠንካራ ውሃ እጠበው፣ በሦስት ቀን አንዴ፣ ሦስት ጊዜ። የጉንዳኑን መንገድ ዝጋ። ወደ መርዝ አትቸኩል።

ጥያቄ፦ እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አየሩ እየቀዘቀዘ ነው፤ ወደ 40 የሚሆን አረንጓዴ ቲማቲም ዘለላው ላይ ቀርቶብኛል። ይቀላ ይሆን?

መልስ፦ እርስዎ አይጨነቁ። ጫፉ ላይ ትንሽ ሮዝ ወይም ቢጫ የጀመረው ሁሉ ከተክሉ ተለይቶም ይበስላል፤ ጣዕሙም እምብዛም አይጎድልም። በካርቶን ውስጥ ሳይነባበሩ ያስቀምጧቸውና መሃላቸው አንድ የበሰለ ሙዝ ያኑሩ። ሙዙ የሚያወጣው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ማብሰያቸው ነው። ፀሐይ አያስፈልጋቸውም፤ የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል። ከ30 ካለፈ ቀዩ ቀለም በደንብ ስለማይሠራ ብርቱካንማ ሆነው ይቀራሉ። ጭራሽ ጠንካራና ደብዛዛ አረንጓዴ የሆኑት ግን ተስፋ የላቸውም። ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳያስገቧቸው፤ ቅዝቃዜ መዓዛቸውን ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ ከዘንድሮው ምርጥ ፍሬ ዘር ላስቀር ፈልጌ ነበር።

መልስ፦ የገዛሽው ዘር ዲቃላ ከሆነ ልጁ እናቱን አይመስልም፤ አንዱ ጣፋጭ፣ አንዱ ውሃ ይሆንብሻል። ዲቃላ ካልሆነ ግን ከነ ጭማቂው ብርጭቆ ውስጥ ጨምቂውና ለ2 ወይም 3 ቀን ይቦካ። ሽታው አያስደስትም፤ እንግዳ በሚመጣበት ሳምንት አትጀምሪው። ዘሩን የሸፈነው እንደ ሙጫ ያለ ነገር መብቀልን የሚከለክል ነው፤ መቦካቱ ያንን ያወልቀዋል። አጥበሽ ሳህን ላይ አድርቂ፤ ወረቀት ላይ ካደረግሽው ተጣብቆ ይቀራል። በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ 4 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። የቃሪያ ዘር ግን መቦካት አይፈልግም፣ ዕድሜውም አጠር ይላል።

ጥያቄ፦ እውነቱን ንገረን፤ ያዋጣል?

መልስ፦ ባለፈው ወቅት ከ6 ባልዲ ቲማቲም 19 ኪሎ ለቀምኩ። አፈሩን፣ ባልዲውን፣ ድጋፍ እንጨቱን፣ የጥርስ ብሩሹን ስደምር ገዝቼ ብበላ ይሻለኝ ነበር። የኔ ጎረቤት ግን ከዚህ በፊት አሥር ዓመት ሰላምታ ብቻ የምንለዋወጥ ሰው፣ አሁን በየምሽቱ አጥሩ ላይ ተደግፎ ‹የኔኛው ዛሬ ሦስተኛ ዘለላ አወጣ› ይለኛል። ይዋሻል፤ ሁለተኛ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመጀመሪያዋ ጠያቂ ነኝ። እንዳልከኝ ባልዲውን ብድግ ላደርገው ብል ድንጋይ ሆነብኝ። ደግሞ ስለ ጠጠር የመለስከውን ሳነብ ‹ቀዳዳ› የሚል አየሁ። ቀዳዳ መኖር ነበረበት እንዴ?

መልስ፦ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ሚስማር አለሽ ቤት?