ኢስላሚክ ሃይስኩል ለዩኒቨርሲቲ ያዘጋጃል ወይ? መጀመሪያ የሳምንቱን ፕሮግራም እዪ

ወዓለይኩም ሰላም እህቴ። የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ልጅሽን 9ኛ ክፍል ላይ ኢስላሚክ ሃይስኩል ብታስገቢው የዩኒቨርሲቲ ዕድሉ ይጠብበት ይሆን? ሁለተኛ፣ አራት ዓመት ከሙስሊም ልጆች ጋር ብቻ ተምሮ ካምፓስ ሲገባ ግር ይለው ይሆን? እኔ እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ለዓመታት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ኋላም የ12ኛ ክፍል ልጆችን የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ላይ ስረዳ ነበር። የማወራው በአሜሪካ ካሪኩለም ስለሚያስተምሩት ነው። ኬምብሪጅ ወይም አይቢ ከሆነ ዝርዝሩ ይለያል።

ሰው ስለነዚህ ትምህርት ቤቶች ሲከራከር አንዱ «ዲኑን ይይዛል» ይላል፣ ሌላው «ትምህርቱ ላላ ያለ ነው» ይላል። ሁለቱም ለውሳኔ አይረዱሽም። አንድ ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ። ቁርኣን፣ ዐረብኛና ኢስላማዊ ትምህርት ፕሮግራሙ ውስጥ ገብተዋል፤ የዙህር ሶላትም አለ። ታዲያ ይህ ሁሉ ሰዓት ከየት መጣ?

አንዳንዱ ትምህርት ቤት ጠዋት ቀድሞ ይገባል፣ ወይም ዘግይቶ ይለቃል። አንዳንዱ ሥዕልና ስፖርት ይቀንሳል። አንዳንዱ ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ ከሳይንስ ላብ ላይ ይቆርሳል፤ ልጆቹ ሙከራውን በቪዲዮ አይተው ሪፖርት ይጽፋሉ። ይህን ካየሽ ተጠንቀቂ። የ10ኛና የ11ኛ ክፍል የሳምንት ፕሮግራም እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። የ9ኛውን ሁሉም ሰው አሳምሮ ነው የሚያወጣው። ችግር ካለ 11ኛ ላይ ነው የሚታየው።

ቀጥሎ ሒሳብ። የራሴ ሙያ ስለሆነ አዳላለሁ፣ ግን ብዙውን ነገር የሚወስነው እሱ ነው። አልጀብራ 1ን 8ኛ ክፍል ላይ የጨረሰ ልጅ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ 2፣ ፕሪካልኩለስ እያለ 12ኛ ላይ ካልኩለስ ይደርሳል። 9ኛ ላይ የጀመረው ግን በመደበኛው አካሄድ ፕሪካልኩለስ ላይ ይቆማል። ኢንጂነሪንግ የሚፈልግ ልጅ ይህ ይጎዳዋል። በትልቅ ትምህርት ቤት ክረምት ተምሮ ወይም ሁለት ኮርስ ደርቦ ለመያዝ አማራጭ አለ። በትንሽ ትምህርት ቤት ግን አንድ ክፍል፣ አንድ መምህር፣ አንድ ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል። የልጅሽ የሒሳብ ሰዓት ከቁርኣን ክፍሉ ጋር ከተጋጨ ማን ለማን ይለቃል? ይህን ዳይሬክተሩን በቀጥታ ጠይቂው። «እናመቻቻለን» አይበቃም፤ ባለፈው ዓመት እንዴት እንዳመቻቹ ይንገሩሽ።

ኢስላሚክ ሃይስኩሎች አብዛኞቹ ትናንሽ ናቸው። ለሦስት ልጅ ብሎ ኤፒ ፊዚክስ የሚከፍት የለም፤ ኤፒ ማለት ሃይስኩል ውስጥ የሚሰጥ፣ መጨረሻው ላይ ፈተና ያለው የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ኮርስ ነው። ያን ያህል ግን አትደንግጪ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪውን የሚመዝኑት ትምህርት ቤቱ ካቀረበለት ነገር አንጻር ነው። ለዚህም «ስኩል ፕሮፋይል» የሚባል ሰነድ አለ፤ ካውንስለሩ፣ ማለትም ተማሪውን በማመልከቻ የሚረዳው የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ከትራንስክሪፕቱ ጋር አብሮ ይልከዋል። የሚሰጡትን ኮርሶች፣ የማርክ አሰጣጡን፣ ብዙ ጊዜም የቀድሞ ተማሪዎች የት እንደገቡ ይዘረዝራል። እሱን እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ሚስጥር አይደለም። ካለ አንብቢው። «ምንድነው እሱ?» ካሉሽ ግን እዚያ ቤት ማመልከቻ የሚከታተል ሰው እንደሌለ ተረድተሻል። እውቅናውንም እግረ መንገድሽን አጣሪ፤ ኮግኒያ ወይም እሱን የመሰለ አካል ያጸደቀው ይሁን።

ዐረብኛ ላይ ብዙ ወላጅ ይሳሳታል። ጥሩ ዩኒቨርሲቲዎች አንድን የውጭ ቋንቋ ለተከታታይ ዓመታት የተማረ ልጅ ይወዳሉ። ዐረብኛ ለዚህ ይሆናል፤ የሚሆነው ግን እንደ ቋንቋ ከተሰጠ ነው። ዐረብኛ 1፣ 2፣ 3 ተብሎ፣ ጽሕፈትና ንግግር ኖሮት፣ ማርኩ ትራንስክሪፕት ላይ ሲወጣ ማለቴ ነው። ተጅዊዱን፣ ማለትም የቁርኣን አነባበብ ሥርዓቱን፣ ያሳመረ ልጅ ጋዜጣ ማንበብ ሊያቅተው ይችላል። ደግሞ ኤፒ ውስጥ የዐረብኛ ፈተና የለም፤ ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽ፣ ቻይንኛ፣ ላቲን እንኳ አሉ። ስለዚህ ልጁ ችሎታውን በኮርሱ ማርክ ነው የሚያሳየው፣ ካልሆነም ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በምደባ ፈተና።

ሒፍዝ ላይ ያለ፣ ማለትም ቁርኣንን በቃሉ እየያዘ ያለ ልጅ ካለሽ ደግሞ ይህን ስሚ። ኮመን አፕ የሚባለው ማመልከቻ ላይ ከትምህርት ውጭ ለሚሠሩ ሥራዎች አሥር ቦታ አለ። ለእያንዳንዱ የሚሰጠው መግለጫ 150 ሆሄ ብቻ ነው። አንድ ተማሪዬ እዚያ ላይ «ቁርኣን ሀፍዣለሁ» ብሎ ጽፎ አመጣ። ለእኛ ይህ በቂ ነው፤ በላይ ምን ይባላል? የሚያነበው ሰው ግን ሒፍዝ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ተቀምጠን እንደገና ጻፍነው፦ 604 ገጽ በቃል፣ በየቀኑ ከፈጅር በኋላ ክለሳ፣ ቅዳሜ ለትናንሽ ልጆች ማስተማር። ያው ልጅ፣ ያው ሥራ ነው። አሁን ግን ለማያውቀውም ሰው ገባው። ይህን የሚያደርግለት ካውንስለር በትምህርት ቤቱ ይኑር አይኑር ማወቅ ከግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የዩኒቨርሲቲ አርማ ይበልጣል።

የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ትንሽ ትምህርት ቤት ይሻላል። መምህሩ ልጁን ከነጠባዩ ያውቀዋል። ብቻ ደብዳቤው ከሒሳብ፣ ከሳይንስ ወይም ከእንግሊዝኛ መምህር ይሁን፤ አብዛኞቹ የሚጠይቁት እነሱን ነው። የኡስታዙ ደብዳቤ ተጨማሪ ሆኖ ይገባል።

ኢስላሚክ ትምህርት ቤት ፈተና ላይም ጥቅም አለው፣ ሰው አያስበውም እንጂ። የኤፒ ፈተና በሜይ ነው የሚሰጠው፤ የከሰዓቱ ፈረቃ እኩለ ቀን ላይ ይጀምራል። አርብ ላይ ከዋለ ጁሙዓ አለፈ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ረመዳን የገባው ፈተናው በተጀመረበት ሳምንት ነበር። በሃይማኖት ምክንያት ሌላ የፈተና ቀን መጠየቅ እንደሚቻል የሚያውቅና አስቀድሞ የሚያመለክት ትምህርት ቤት ልጁን ከብዙ ጭንቀት ያድነዋል። በሌላ ትምህርት ቤት ይህን የምታስታውሺው አንቺው ነሽ። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ ስለሚሄድ ልጅሽ 11ኛና 12ኛ ሲደርስ የት ላይ እንደሚውል ካሁኑ ቁጠሪ።

«ግር ይለዋል ወይ» ላልሽው ብዙ አልልም። ሃይማኖቱን በተመለከተ ያን ያህል ሲቸገሩ አላየሁም። የሙስሊም ተማሪዎች ማኅበር በብዙ ካምፓስ አለ፤ አሜሪካ ውስጥ ከ1963 ጀምሮ የቆየ ነገር ነው። ያስቸገራቸው ሌላ ነው። በትንሽ ትምህርት ቤት ልጁ የቤት ሥራ ካላስረከበ መምህሩ ማታ ለእናቱ ይደውላል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚደውል የለም። ስለዚህ 11ኛ ላይ ትምህርት ቤቱ እጁን ለቀቅ ማድረግ መጀመሩን እዪ፤ አንቺም እንደዚያው። ቀጠሮውን ራሱ ይያዝ፣ ኢሜይሉን ራሱ ይጻፍ።

ልጅሽ አሁን 8ኛ ክፍል ምን ሒሳብ እየተማረ እንደሆነና ስንት እያመጣ እንደሆነ ብትጽፊልኝ ከዚህ የተሻለ ልመልስልሽ እችላለሁ። የትምህርት ቤቱንም የ11ኛ ክፍል ፕሮግራም ካገኘሽ ስሙን ሸፍነሽ ላኪው፣ አብረን እናየዋለን ኢንሻአላህ።